የአሮጌ ትራክተርን የኤሌክትሪክ ክፍል ማሻሻል፦ ከዲናሞ ወደ አልተርኔተር፣ ከ6 ወደ 12 ቮልት

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የሥልጠናው ዓላማ

ሠልጣኞች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ፦
• የትራክተራቸው ባትሪ ለምን እንደሚደክም በመለካት ይለያሉ፤
• አሮጌውን ዲናሞ በአልተርኔተር መቀየር እንደሚያዋጣና እንደማያዋጣ ይወስናሉ፤
• የቅየራውን ቅደም ተከተል አውቀው ሥራውን ከባለሙያ ጋር ይመራሉ፤
• ከቅየራ በኋላ አዲሱን ዕቃ ከሚያቃጥሉ ስህተቶች ይጠበቃሉ።

1. መግቢያ

ውድ ሞዴል አርሶ አደር፣ በዘር ሳምንት ጠዋት ትራክተርዎ አልነሳ ሲል የባትሪው ዋጋ ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ ጉዳት መሬቱ ያገኘው እርጥበት ማለፉ ነው። በመኸርም እንዲሁ ነው፤ ስንዴው ታጭዶ ተከምሮ ሳለ ደመና ከመጣ ሌሊት መብራት አብርቶ የሚወቃ ትራክተር ያለውና የሌለው ገበሬ አንድ አይደሉም።

ብዙ የትራክተር ባለቤቶች ይህን ችግር በዘዴ ይዘውት ይኖራሉ። አንዳንዱ ትራክተሩን ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ያቆማል። አንዳንዱ ምሳ እስኪበላ ሞተሩን ሳያጠፋ ናፍጣ ያቃጥላል። ሌላው በየዓመቱ ባትሪ ይገዛል። አንዳንዱ ደግሞ ሞተሪኖውን በካቻቢቴ አገናኝቶ ያስነሳል፤ ይህ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ልማድ በመሆኑ በክፍል 9 እንመለስበታለን። የእነዚህ ሁሉ መነሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ባትሪው የሚሰጠውን ያህል አይሞላም።

ስለ አጠራር አንድ ነገር እንግባባ። በየጋራዡ ባትሪ የሚሞላ ማንኛውም ዕቃ “ዲናሞ” ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ግን “ዲናሞ” የምንለው አሮጌውን፣ ረዘም ያለ ቱቦ የሚመስለውንና ሬጉሌተሩ ለብቻው በሳጥን የተቀመጠለትን ዕቃ ነው። አጠር ሰፋ ያለውን፣ ዙሪያውን የአየር መግቢያ ቀዳዳ ያለውንና ብዙ ጊዜ ሬጉሌተሩ በውስጡ ያለውን ዕቃ “አልተርኔተር” እንለዋለን።

2. ቮልት፣ አምፔርና ዋት

ቮልትን ከፍ ብሎ እንደተሰቀለ ሮቶ የውሃ ግፊት ይቁጠሩት። አምፔር በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው የውሃ መጠን ነው። ዋት ደግሞ ሁለቱ ተባብረው የሚሠሩት ሥራ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦

ዋት = ቮልት × አምፔር

የትራክተርዎን መብራቶች እንደምሳሌ እንውሰድ። ሁለት የፊት መብራት እያንዳንዱ 45 ዋት፣ አንድ የኋላ የሥራ መብራት 55 ዋት፣ ሁለት ትናንሽ የኋላ መብራቶች እያንዳንዳቸው 5 ዋት ቢሆኑ ድምሩ 155 ዋት ነው። በ12 ቮልት ሲካፈል ወደ 13 አምፔር ይመጣል።

በአሮጌ ትራክተሮች ላይ የሚገኙት ዲናሞዎች እንደ ሞዴላቸው ከ11 እስከ 22 አምፔር ቢሰጡ ነው፤ ይህም ሞተሩ በደንብ ሲዞር ብቻ ነው። ዲናሞዎ 11 አምፔር የሚሰጥ ከሆነና 13 አምፔር የሚፈልግ መብራት ካበሩ በየሰዓቱ 2 አምፔር ከባትሪው ይጎድላል። በአንድ ሌሊት 5 ሰዓት ቢወቁ 10 አምፔር-ሰዓት ወጣ ማለት ነው። ባትሪው ቀን ቀን ካልሞላ በአራት ሌሊት 40 አምፔር-ሰዓት ይሆናል፤ ባለ 70 ባትሪ ከግማሽ በላይ ተሟጠጠ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሞተሪኖው “ጠቅ” ብሎ ዝም ቢል ባትሪው ውሸታም አይደለም፤ ሒሳቡ ነው ያለቀው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ሞተር ማስነሳት ባትሪውን ይጨርሳል ተብሎ ይታመናል። ሞተሪኖ 300 አምፔር ወስዶ 10 ሰከንድ ቢዞር እንኳ የወጣው ከ1 አምፔር-ሰዓት በታች ነው። ከባድ ቢሆንም አጭር ነው። ባትሪን ቀስ ብሎ የሚበላው ለብዙ ሰዓት የሚበራ መብራትና በዝግታ የሚዞር ዲናሞ ነው።

3. ዲናሞና አልተርኔተር በምን ይለያያሉ?

ዲናሞ ኃይሉን የሚያወጣው በሚዞረው ክፍሉ ላይ በሚረግጡ ካርቦኖች በኩል ነው። ሙሉው የኃይል መጠን በካርቦኖቹ ስለሚያልፍ ቶሎ ያልቃሉ፤ የሚረግጡበት መዳብም ይፋጃል። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ዲናሞው ከባትሪው የሚበልጥ ቮልት ማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ምንም አይሞላም። ትራክተርዎ ቆሞ በዝግታ ሲሠራ የዲናሞው ቀይ መብራት የሚበራው ለዚህ ነው።

አልተርኔተር ኃይሉን የሚያወጣው ከማይንቀሳቀሰው ክፍሉ ነው። በካርቦኖቹ የሚያልፈው ጥቂት አምፔር ብቻ በመሆኑ ረጅም ዕድሜ አላቸው። ክብደቱ ቀላል ሆኖ ከ35 እስከ 55 አምፔር መስጠት ለትንሹም የተለመደ ነው። ፑሌጃው በትክክል ከተመረጠ በዝቅተኛ ዙርም መሙላት ይጀምራል።

ጉዳቱም መታወቅ አለበት። በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ በመሆናቸው የባትሪው ፕላስና ማይነስ ለአፍታ እንኳ ከተገለበጠ ይቃጠላሉ። ዲናሞ የሚታገሠውን ስህተት አልተርኔተር አይታገሥም።

4. ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይመርምሩ

ባትሪ የሚደክምበት ምክንያት ሁሉ ዲናሞ አይደለም። የላላ ቺንጋ ወይም የዛገ ማሳ አልተርኔተር ቢገባም አይለቅም። አንድ መልቲሜትር ይዘው የሚከተሉትን በተራ ይፈትሹ።

ፍተሻ 1፦ ያደረ ባትሪ። ትራክተሩ ካደረ በኋላ ምንም ሳያበሩ የባትሪውን ቮልት ይለኩ። 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሩብ ያህል ጎድሏል። 12.2 ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ሊያልቅ ቀርቧል፤ በቻርጀር ሞልተው እንደገና ይለኩ።

ፍተሻ 2፦ ሞተሪኖ ሲዞር። ረዳት ሞተሪኖውን ሲያዞር ቮልቱን ይመልከቱ። ሙሉ የነበረ ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አርጅቷል ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየወሰደ ነው።

ፍተሻ 3፦ ማሳ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ማይነስ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያድርጉ። ሞተሪኖው ሲዞር ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ የማሳ ኬብሉ ወይም ማሠሪያው ተበላሽቷል። ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ፤ አጥብቀው ይሠሩ።

ፍተሻ 4፦ ቺንጋ። በረጅሙ በኩል መሐሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከገባ ይንሸራተታል፤ ፈጽሞ ካልገባ ኩሽኔታ ይበላል።

ፍተሻ 5፦ ሲሞላ። ሞተሩን ከመካከለኛ ዙር በላይ አድርገው በባትሪው ላይ ይለኩ። ከ13.5 በላይ ካሳየ ዲናሞው እየሠራ ነው። መብራቶቹን ሲያበሩ ከ12.6 በታች ከወረደ ዲናሞው ቢሠራም አቅሙ ለጭነቱ አይበቃም። መብራት ሳይበራም ካልጨመረ ዲናሞው ወይም ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል።

ከፍተሻ 1 እስከ 4 ያሉት ደኅና ሆነው ፍተሻ 5 ላይ ከወደቀ መቀየሩ ያዋጣል። ሌሊት የማይሠሩ፣ ዲናሞውም ደኅና የሆነ ከሆነ ግን ካርቦን አስቀይረው መቀጠል ይችላሉ።

5. አልተርኔተር ሲመርጡ

መጠን። የመብራትዎን አምፔር ደምረው ለባትሪው መሙያ 15 አምፔር ያህል ይጨምሩ። በምሳሌያችን 13 እና 15 ሲደመር 28 ነው፤ ስለዚህ ከ35 እስከ 45 አምፔር የሚሰጥ ይበቃዎታል። ትልቁን መግዛት ጥቅም የለውም፤ ወፍራም ኬብልና ጠንካራ ቺንጋ ይጠይቃል።

ዓይነት። ሬጉሌተሩ በውስጡ ያለና በከተማዎ መለዋወጫ የሚገኝለት ይሁን። በአካባቢው በብዛት የሚሠራበት የመኪና አልተርኔተር ለካርቦንና ለሬጉሌተር ቅየራ ያመቻል። ባለ 24 ቮልት እንዳይሸጥልዎ ጽሑፉን ያንብቡ፤ በመልክ ይመሳሰላሉ።

ፑሌጃ። የአሮጌ ትራክተር ቺንጋ ባለ አንድ መስመር፣ ጎኑ የተንጣለለ ነው። አልተርኔተሩ ብዙ ቀጭን መስመር ላለው ጠፍጣፋ ቺንጋ የተሠራ ፑሌጃ ካለው አይገጥምም፤ ፑሌጃው መቀየር ወይም ቶርኖ ቤት መሠራት አለበት።

የፑሌጃው ስፋት ፍጥነቱን ይወስናል። የሞተሩ ፑሌጃ 150 ሚሊ ሜትር፣ የአልተርኔተሩ 70 ሚሊ ሜትር ቢሆን ሞተሩ በደቂቃ 700 ጊዜ ሲዞር አልተርኔተሩ 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ ለመሙላት መጀመሪያ ይበቃል። ሞተሩ 2,000 ሲዞር አልተርኔተሩ ወደ 4,300 ይደርሳል፤ ይህም ለአልተርኔተር ቀላል ነው። የአሮጌው ዲናሞ ትልቅ ፑሌጃ በአልተርኔተሩ ላይ ከተገጠመ ግን በዝቅተኛ ዙር እንደ ዲናሞው ሳይሞላ ይቀራል።

የዙር መቁጠሪያ። በአንዳንድ ትራክተሮች ላይ የሞተር ዙርና ሰዓት መቁጠሪያው ገመድ የሚነሳው ከዲናሞው ጀርባ ነው። የእርስዎ እንዲህ ከሆነ ዲናሞው ሲወጣ መቁጠሪያው ይቆማል። ዘይት የሚቀይሩት በሰዓት ቆጥረው ከሆነ ከቅየራው በኋላ የሥራ ሰዓቱን በደብተር መያዝ ይጀምሩ።

6. የቅየራው ቅደም ተከተል

ደረጃ 1፦ የትኛው የባትሪ እርሳስ ከብረቱ ጋር እንደታሠረ ይለዩ። ዛሬ የተለመደው ማይነሱ ማሳ መሆኑ ነው። ነገር ግን በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ እንደ ፈርጉሰን ቲኢ 20 እና ፎርድሰን ሜጀር ያሉ ትራክተሮች ፕላሱን ማሳ አድርገው የወጡ ናቸው። በቀለም አይመኑ፤ በመልቲሜትር ያረጋግጡ።

ፕላሱ ማሳ ከሆነ መገልበጥ አለበት። ባትሪውን አዙረው ማይነሱን ከብረቱ ጋር ያስሩ። የፕላሱ እርሳስ ከማይነሱ ወፈር ስለሚል መቆንጠጫዎቹን አብረው መቀየር ያስፈልጋል። አምፔር ማሳያ ካለ ሁለቱን ሽቦዎቹን ያለዋውጡ። ቤንዚን ሞተር ከሆነ የቦቢናውን ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ያለዋውጡ። ሞተሪኖውን አይንኩት፤ የተለመደው ባለ ጥቅል ሽቦ ሞተሪኖ ፕላስና ማይነሱ ቢገለበጥም የሚዞርበት አቅጣጫ አይለወጥም።

ደረጃ 2፦ ባትሪውን ይፍቱ። መጀመሪያ የማሳውን፣ ከዚያ ሌላውን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቺያቤው ፕላሱን ይዞ ብረት ሲነካ ከባድ ብልጭታ ይፈጠራል።

ደረጃ 3፦ ሽቦዎቹን ምልክት ያድርጉባቸው። በዲናሞው ላይ ሁለት ሽቦ አለ፤ ወፍራሙ “ዲ”፣ ቀጭኑ “ኤፍ” ይባላል። በሬጉሌተሩ ሳጥን ላይ ብዙ ጊዜ አምስት ማሠሪያ ይገኛል፦ “ኤ”፣ “ኤ1”፣ “ኤፍ”፣ “ዲ” እና “ኢ”። በእያንዳንዱ ላይ ናስትሮ ጠቅልለው ስሙን ይጻፉ። ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ደረጃ 4፦ አልተርኔተሩን ይግጠሙ። የዲናሞው መያዣ ብረት ረጅም ስለሆነ ማጠቢያ ብረት ወይም አዲስ መያዣ ያስፈልጋል። ዋናው ነገር ሦስቱ ፑሌጃዎች፣ ማለትም የሞተሩ፣ የማራገቢያውና የአልተርኔተሩ፣ በአንድ መስመር መዋላቸው ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ወይም የተወጠረ ገመድ በፑሌጃዎቹ ፊት ዘርግተው ይመልከቱ። ከመስመር የወጣ ፑሌጃ ቺንጋ ይበላል፤ ቺንጋው ሲበጠስ ደግሞ የውሃ ፓምፑም ስለሚቆም ሞተሩ ይግላል።

ደረጃ 5፦ ወፍራሙን ኬብል ይዘርጉ። በአልተርኔተሩ ላይ ያለው ትልቁ ቡሎን “ቢ ፕላስ” ይባላል። ከእርሱ ተነሥቶ በሞተሪኖው ሶሌኖይድ ላይ የባትሪው ኬብል እስከሚታሠርበት ቡሎን ድረስ አዲስ የመዳብ ኬብል ይግባ። እስከ 55 አምፔር ለሚሰጥ አልተርኔተር ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን። በሶሌኖይዱ በኩል ከአልተርኔተሩ አምፔር ከፍ ያለ ፊውዝ ይግባበት፤ ለ45 አምፔር አልተርኔተር 60 ይበቃል። የአሮጌውን ዲናሞ ሽቦ ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ፤ ለ11 አምፔር የተዘረጋ ሽቦ 45 ሲጫንበት ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ደረጃ 6፦ የሬጉሌተሩን ሳጥን ከሥራ ያውጡ። “ኤ” የባትሪው፣ “ኤ1” የመብራትና የቁልፍ መስመር ነው። ሁለቱን በአንድ ጥሩ ማሠሪያ አገናኝተው ይሸፍኑ፤ ካልተገናኙ መብራቶቹ አይሠሩም። ከ“ዲ” ላይ ከወፍራሙ ጋር አብሮ የታሠረው ቀጭን ሽቦ ወደ ኳድሮው ቀይ መብራት የሚሄድ ነው፤ እሱን ለብቻው ይያዙት። ወፍራሙን “ዲ” ሽቦ፣ “ኤፍ” እና “ኢ” ጫፋቸውን በናስትሮ ሸፍነው ይተዉ ወይም ያውጡ።

ደረጃ 7፦ የቀይ መብራቱን ሽቦ ያገናኙ። ያ ቀጭን ሽቦ በአልተርኔተሩ “ኤል” ወይም “ዲ ፕላስ” በሚባለው ማሠሪያ ላይ ይግባ። ይህ መብራት ለማሳያ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በእርሱ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ግን አልተርኔተሩን ሥራ የሚያስጀምረው ነው። አምፖሉ ከተቃጠለ አልተርኔተሩ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ 2 ዋት ያህል ያለው ተራ አምፖል ይሁን፤ ኤልኢዲ አምፖል የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ለዚህ ሥራ ላይበቃ ይችላል።

አልተርኔተሩ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ካለውና “ኤል”፣ “አይጂ” እና “ኤስ” የሚል ከሆነ፣ “አይጂ” ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር፣ “ኤስ” በቀጥታ ከባትሪው ፕላስ ጋር በትንሽ ፊውዝ ይገናኛል። “ደብሊው” የሚል ማሠሪያ ካለ ለኤሌክትሪክ የዙር መቁጠሪያ ነው፤ ባዶውን ይተዉት።

ደረጃ 8፦ አምፔር ማሳያውን ያስቡበት። አሮጌው ማሳያ እስከ 20 ወይም 30 ብቻ የሚለካ ከሆነ የአልተርኔተሩ ኃይል በእርሱ ማለፍ የለበትም። በደረጃ 5 እንደተባለው ኬብሉ በቀጥታ ወደ ሶሌኖይዱ ከሄደ ማሳያው ከአደጋ ይድናል፤ ነገር ግን ባትሪው መሙላቱን አያሳይም። በምትኩ ርካሽ የቮልት ማሳያ በኳድሮው ላይ ይግጠሙ።

ደረጃ 9፦ ማሳ። አልተርኔተሩ የሚታሠርበት ብረት ቀለምና ዝገት ከሌለው ይፈተሽ። ተጨማሪ የማሳ ሽቦ ከአልተርኔተሩ አካል ወደ ሞተሩ ብረት ማሠር ጥሩ ነው።

ደረጃ 10፦ ባትሪውን ይሠሩ። ከማሠርዎ በፊት ፕላስና ማይነሱን ሁለት ሰው ለየብቻው ያረጋግጥ። ፕላሱ መጀመሪያ፣ ማሳው መጨረሻ።

7. ባለ 6 ቮልት ትራክተር ካጋጠመዎ

ከ1947 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እንደተሠራው ፎርድ 8ኤን ያሉ የቤንዚን ትራክተሮች ባለ 6 ቮልትና ፕላሳቸው ማሳ የሆነ ነበሩ። ባለ 6 ቮልት ባትሪና አምፖል ማግኘት ስለሚያስቸግር ወደ 12 ማሳደግ ይመረጣል።

ቮልቱ ሲጨምር ምን ይገኛል? 110 ዋት መብራት በ6 ቮልት ከ18 አምፔር በላይ ይወስዳል፤ በ12 ቮልት ወደ 9 ይወርዳል። አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ በሽቦው ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ያልተላጠና ያልዛገ ከሆነ አሮጌው የመብራት ሽቦ ለ12 ቮልት ይበቃል። የሚከተሉት ግን በአንድነት መታየት አለባቸው፦

• ባትሪ፦ ባለ 12 ቮልት ይሁን፤ ማይነሱ ከማሳ ይታሠር።
• ዲናሞና ሬጉሌተር፦ ወጥተው በክፍል 6 መሠረት አልተርኔተር ይግባ።
• አምፖሎች፦ ሁሉም ወደ 12 ቮልት ይቀየሩ፤ የ6 ቮልት አምፖል ወዲያው ይቃጠላል።
• ቦቢና፦ ወደ 12 ቮልት ይቀየር፤ ወይም ለእርሱ የሚስማማ መቀነሻ ሬዚስተር ይግባለት። ካልሆነ ቦቢናው ይግላል፤ ፑንቲናውም ይፋጃል።
• የነዳጅ ማሳያ፦ የኤሌክትሪክ ከሆነ የቮልት መቀነሻ ያስፈልገዋል። አምፔር ማሳያ ግን መጠኑ እስከበቃ ድረስ በሁለቱም ይሠራል።
• የሞተሪኖው ሶሌኖይድ፦ ወደ 12 ቮልት ይቀየር።
• ሞተሪኖ፦ የ6 ቮልቱ በ12 ይሠራል፤ በኃይል ስለሚዞር ግን በአንድ ጊዜ ከ5 ሰከንድ በላይ አይያዙት። ሞተሩ ካልተነሳ ደጋግመው ከማዞር ምክንያቱን ይፈልጉ።

አንዳንዶች ለአሮጌው ዕቃ 6 ቮልት ለማግኘት ከባለ 12 ባትሪው መሐል መስመር ይስባሉ። ይህ ግማሹን ባትሪ ብቻ ያደክማል፤ ሲሞላ ደግሞ ሌላው ግማሽ ከልክ በላይ ይሞላል። ባትሪው በአጭር ጊዜ ይበላሻል።

8. ከቅየራ በኋላ ማረጋገጥ

• ቁልፉ ሲከፈት ቀዩ መብራት መብራት፣ ሞተሩ ተነሥቶ ትንሽ ጋዝ ሲሰጠው መጥፋት አለበት።
• በመካከለኛ ዙር በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይጠበቃል።
• መብራት ሁሉ በርቶ ከ13.5 በታች መውረድ የለበትም።
• ከ14.8 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል ወይም የ“ኤስ” መስመር ተቋርጧል። ባትሪው ውሃውን እያፈላ ይጨርሳል፤ ሳይስተካከል አይሥሩበት።
• መብራት በርቶ በ“ቢ ፕላስ”ና በባትሪው ፕላስ መካከል ይለኩ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ኬብሉ ቀጥኗል ወይም ማሠሪያው ላልቷል።
• ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ያውጡ፤ ማሠሪያዎቹን በጥንቃቄ በእጅ ይዳስሱ። የሚያቃጥል ማሠሪያ የላላ ማሠሪያ ነው።
• ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ ቺንጋውን እንደገና ይወጥሩ፤ አዲስ ቺንጋ ይረዝማል።

በደብተርዎ ሦስት ቁጥር ይመዝግቡ፦ ያደረ ባትሪ ቮልት፣ ሲሞላ ያለው ቮልት፣ የለካበት ቀን። በየወሩ ቢለኩ ዕቃው ሳይሞት ድካሙን ያዩታል።

9. ጥብቅ ጥንቃቄዎች

ሞተሪኖን በካቻቢቴ አያገናኙ። ብዙ ትራክተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው እንዳይነሱ የሚከለክል መቆለፊያ አላቸው። ሶሌኖይዱን ከውጭ ሲያገናኙት ይህ መከላከያ ይዘለላል። ማርሹ ውስጥ ከሆነ ትራክተሩ ተነሥቶ ጎማው አጠገብ የቆመውን ሰው ይደፈጥጣል። የቁልፉ መስመር ከተበላሸ በዚህ ቅየራ ጊዜ አብሮ ይጠገን። ሁልጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ማርሹን ነፃ አድርገው፣ ፍሬን ይዘው ያስነሱ።

ሞተሩ እየሠራ ባትሪ አይፍቱ። በዲናሞ ዘመን አንዱን ባትሪ ለሁለት ትራክተር ማስነሻ ማዞር የተለመደ ነበር። በአልተርኔተር ግን ባትሪው ሲፈታ ቮልቱ በድንገት ዘሎ ዳዮዶቹንና ሬጉሌተሩን ያቃጥላል።

ሲበየድ ባትሪውንና አልተርኔተሩን ይፍቱ። ማረሻው ከትራክተሩ ሳይፈታ የሚበየድበት ጊዜ ብዙ ነው። ከተቻለ ማረሻውን ያላቅቁ። ካልተቻለ የባትሪውን ሁለት ኬብሎችና የአልተርኔተሩን ሽቦዎች ይፍቱ፤ የብየዳውን ማሳም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይሠሩ።

ከጭነት መኪና ኃይል ሲበደሩ ቮልቱን ይጠይቁ። ብዙ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪ አያይዘው 24 ቮልት ይጠቀማሉ። ሙሉውን 24 ቮልት ለትራክተርዎ መስጠት አልተርኔተሩን፣ አምፖሎቹንና ባትሪውን በአንድ ጊዜ ያበላሻል።

ገለባና አቧራ። አልተርኔተር በቀዳዳዎቹ አየር እየሳበ ይቀዘቅዛል። በውቂያ ወቅት ገለባ ሲሞላው ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። በየቀኑ ሞተሩ ጠፍቶ በብሩሽ ይጥረጉት። ትራክተሩ ሲታጠብ በውሃ ግፊት አይምቱት።

ባትሪ። በሚሞላበት ጊዜ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፤ ክብሪትና ሲጋራ አይቅረበው። የሚከፈት ከሆነ ውሃው ከሳህኖቹ በላይ 10 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲሆን የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨምሩ፤ የቧንቧ ውሃም አሲድም አይጨመርም። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ይታጠቡ፤ ዓይን ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

10. የሥራ ክፍፍል

መለካት፣ ማሳ ማጽዳት፣ ቺንጋ መወጠር፣ ሽቦ ላይ ምልክት ማድረግና መዝገብ መያዝ የእርስዎ ሥራ ነው። መያዣ ብረት መበየድ፣ ፑሌጃ መሥራትና የሬጉሌተሩን መስመር ማገናኘት ለባለሙያ ይተው፤ ነገር ግን ሲሠራ አጠገቡ ይሁኑ። ሥራውን ሲረከቡ በክፍል 8 ያሉትን ቁጥሮች በራስዎ መልቲሜትር ይለኩ። ቁጥሩ ካልደረሰ ሥራው አላለቀም። ቅየራውን በዘር ወይም በውቂያ መካከል አይጀምሩ፤ ትራክተሩ ሥራ በሚፈታበት ወቅት ቢያስቡበት ለመለዋወጫ ፍለጋም ጊዜ ይኖርዎታል።

11. የመወያያ ጥያቄዎችና የተግባር ሥራ

1. በትራክተርዎ ላይ ያሉትን መብራቶች ዋት ደምረው በ12 ያካፍሉ። ስንት አምፔር ሆነ? የዲናሞዎ አቅም ይበቃል?
2. ባለፈው የእርሻ ወቅት ትራክተር ባለመነሳቱ ስንት የሥራ ቀን ባከነ? የዚያን ቀን የኪራይ ገቢና የናፍጣ ብክነት ከአልተርኔተር ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ።
3. በቡድን ሆናችሁ በአንድ ትራክተር ላይ ከፍተሻ 1 እስከ 5 ያለውን አካሂዱ፤ ውጤቱን ለሌሎች ሠልጣኞች አቅርቡ።
4. በቀበሌያችሁ ሞተሪኖን በካቻቢቴ የሚያስነሳ ሰው አለ? መቆለፊያው ለምን እንደተበላሸ ጠይቃችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ መፍትሔ ይዛችሁ ቅረቡ።